የከበደው ጎጆ

ባሌን ኢላሪዮንን የቀበርነው የጭፈራ ቃጭሉን እግሩ ላይ እንዳሰርንለት ነው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ልጃችን ኒካኖር መጨፈር ነበረበት፤ ያለ ቃጭል ደግሞ ጭፈራ የለም። የኛ የሜክሲኮ ዮሬሜዎች ቃጭል ብረት አይደለም። የእሳት እራት ትል ቁጥቋጦ ላይ ፈትሎ የሚተኛበት ጎጆ ነው፤ ጠጠር እንከትበትና ጥንድ ጥንዱን እንሰፋዋለን።

ድሮ ከቤቴ ጀርባ ባለው ኮረብታ የአንድ ጠዋት ለቀማ ይበቃን ነበር። አሁን ባለእርሻዎች ጠርገው ቲማቲም ተከሉበት፤ እጃቸው ይድረቅ ብል አይበዛባቸውም። እኔና ኒካኖር ደረቁን ወንዝ ተከትለን ስንለቅም ከርመን፣ በመጨረሻ አንዲት ጎጆ ጎደለችን።

ዝናብ ሊገባ ሲል አጥር ጥግ አገኘኋት። ቅርንጫፉ ላይ እንዳለች በእጄ ስመዝናት ከበደችኝ። ባሌ ሁልጊዜ "የከበደውን ተይው ፊደንሲያ፣ ባለቤቱ ቤት አለ" ይለኝ ነበር። አልዋሽም፣ እያወቅኩ ነው የቆረጥኳት። ለሱው አይደል ብዬ። ቤት ወስጄ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት፤ ለመሰንጠቅ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ለሙት ዓመቱ አራት ቀን ሲቀረው ጎጆዋ ጫፏ ላይ ተበስታ አገኘኋት። ባለቤቷ ግድግዳ ላይ በሰቀልኩት ጥቁር ሻርፔ ላይ ተቀምጣለች፤ መዳፌን የምታህል፣ የሸክላ ቀለም ያላት። አራቱም ክንፎቿ ላይ እንደ መስኮት ጥርት ያለ ቦታ አለ፤ የሻርፔ ጥቁረት በዚያ ይታያል። ስኳር በውሃ በጥብጬ አቀረብኩላት።

"እማዬ፣ አፍ የላትም እኮ። አባባ አልነገረሽም?" አለ ኒካኖር።

"እንግዲያው ወስደህ ልቀቃት።"

"የት? ቲማቲሙ ላይ?"

ወንዱ ሽታዋን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ሦስት ቀን በሩን ከፍቼ ጠበቅኩላት፤ ማንም አልመጣም። እንቁላሏን ሻርፔ ላይ ደርድራ ሞተች።

ኒካኖር በዚያች ጎጆ ቃጭሉን ሞላና እንደ አባቱ ጨፈረ። ጭፈራው ሲያልቅ የባሌ እህት ሮሙላ እንቁላሉ እንዳለበት የለበስኩትን ሻርፕ ልታወልቅልኝ መጣች፤ ዓመቱ ሲሞላ መበለት ጥቁሯን ታወልቃለች።

"አልሰጥም" አልኳት።

"ይበቃሻል አንቺ። ሟቹንም እኮ ዕረፍት ነሳሽው።"

ኒካኖር ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ "እማዬ፣ አይፈለፈሉም። ወንድ አላገኘችም" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሻርፑን አላወለቅኩም፣ አላጠብኩትም።