የካፒቴን ሳልቪ ባዶ እጅ

ይሄይስ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር አሥመራ ሲመላለስ የለቀማት ጣልያንኛ ቡሬ ባለው የጣልያኖች ምሽግ ውስጥ አስተርጓሚ አደረገችው። ወዶ አልገባም። ከገባ በኋላ ግን ደመወዛቸውን በልቷል፤ የአገሩም ሰው ይህንን አልረሳለትም።

የምሽጉ አዛዥ ካፒቴን ሳልቪ አብሮት ፖከር የሚጫወተው መኮንን ታሞ ሲሄድበት ይሄይስን አስቀምጦ ካርታ አስተማረው። የሚወራረዱት በሲጋራ ነበር። ይሄይስም ቀስ በቀስ ከካርታው ይልቅ ሰውየውን ማጥናት ያዘ። ሳልቪ ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ሲጋራዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ዓይኑን ወደ መስኮቱ እያሸሸ ይወራረዳል። የረባ ካርታ ሳይኖረው፣ እጁ ባዶ ሲሆን ግን ሊያስፈራራ ሲጋራውን ባንዴ ገፋ አድርጎ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ፈገግ ይላል። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልተዛነፈም።

«እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ» ይላት ነበር ሚስቱን አልጣሽን።

በ1931 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አርበኛው ዳኘው የምሽጉን ስንቅ ማርኮ ጎማጣ መንደር አደረ የሚል ወሬ ደረሰ። ጎማጣ የአልጣሽ የትውልድ መንደር ነው። ሳልቪ በጨዋታው መሀል ቀና አለ።

«ሄደህ ንገራቸው። እስከ ሰኞ ዳኘውን ካላስረከቡኝ መንደሩን ከነሰዉ አቃጥለዋለሁ።»

ፈጠን ብሎ ነው የተናገረው፤ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ፈገግ ብሎ።

ይሄይስ በሆዱ፣ ባዶ እጁን ነው፣ አለ።

ዓርብ ዕለት ጎማጣ ወርዶ አብረውት በተላኩት አስካሪዎች፣ በጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ ፊት ቃሉን እንዳለ አስተረጎመ። ሕዝቡ ሲበተን የደብሩ መምህር መሪጌታ ክንፈሚካኤል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ፈቀቅ አደረጉት።

«አንተ ከሰውየው ጋር ውለህ ታመሻለህ። እውነቱን ነው? ሰዉን ይዘን ወደ ፈጠም ገደል እንውረድ?»

ጤፉ አውድማ ላይ ተከምሯል። አሁን ጥለውት ቢሄዱ ዓመቱን የሚበሉት የለም።

«አይውረዱ፣ የኔታ» አለ ይሄይስ። «ሊያስፈራራ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

እሑድ ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮው ተቀመጡ። በሦስተኛው ዙር ሳልቪ ሲጋራውን ባንዴ ገፋና ዓይን ዓይኑን እያየ ፈገግ አለ። ይሄይስ ሳያመነታ ያለውን ሁሉ አስያዘ። ሳልቪ ካርታውን ዘረጋ። ሦስት ንጉሦች።

እጁ ባዶ አልነበረም።

«እንደምታጠናኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅሁት» አለ ሳልቪ። «ይህን ሁሉ ሲጋራ ያስበላሁህ በከንቱ መሰለህ? ለመሆኑ ጎማጣ ምን አልካቸው?»

«ያዘዙኝን፣ ጌታዬ።»

«አልሸሹማ።»

«አልሸሹም።»

«ጥሩ» አለና ካርታውን በወዘ።

ይሄይስ ሁለት ዙር እንደምንም ተጫውቶ ሆዴን ቆረጠኝ አለ። ሳልቪ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «ሂድ፣ ተኛ» አለው። ያ መልክ አሁን ምን ማለት እንደሆነ ይሄይስ አላወቀም። በሩን ሲወጣ ሁለት አስካሪዎች ከኋላው ተነሡ። ያኔ ነገሩ ገባው፤ ሳልቪ የለቀቀው፣ ጎማጣን ላስጠንቅቅ ብሎ ሲሮጥ መርቶ ዳኘው ዘንድ እንዲያደርሰው ነው።

ቤቱ ገብቶ ለአልጣሽ ሁሉንም ነገራት።

«እኔ ነኝ ተቀመጡ ያልኳቸው። አሁን እኔ ብሄድ እነዚህን ይዤባቸው መሄዴ ነው።»

«መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «አንተስ?»

«በማንኩሳ መንገድ እወጣለሁ። እኔን ይከተሉ።»

አልጣሽ እንስራ አዝላ፣ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ወንዝ ወረደች፤ እንስራውን ቁጥቋጦ ሥር ጥላ በአቋራጩ ሮጠች። ይሄይስ በቅሎውን ጭኖ፣ አስካሪዎቹ ደህና አድርገው እስኪያዩት ደጁ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ማንኩሳ አቀና።

ሰኞ ማለዳ ወታደሮቹ ጎማጣ ሲገቡ ቤቶቹ ባዶ ነበሩ። ቤቱንም አውድማውንም አቃጠሉ። መሪጌታ ብቻ መጻሕፍቱን ትቼ አልሄድም ብለው ቀርተው ነበር፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ገደሏቸው። ሕዝቡ ከፈጠም ገደል ውስጥ ሆኖ የጤፉን ጭስ አየ።

ይሄይስን ማንኩሳ ሳይደርስ ያዙት። ቡሬ ገበያ ላይ መሰቀሉን ሐሙስ ዕለት የሰማ ሰው ገደል ድረስ መጥቶ ለአልጣሽ አረዳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ሳለች፣ ጤፏ የተቃጠለባት አቻምየለሽ የምትባል የሦስት ልጆች እናት አጠገቧ ቆመች።

«ተቀመጡ ያለን ባልሽ ነው» አለቻት።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች አልጣሽ። «ሽሹ ያላችሁም እሱ ነው።»

አቻምየለሽ ራቅ ብላ ሄዳ ከልጆቿ ጋር ተቀመጠች። ቆይታ ግን ተነሣችና፣ ከያዘችው ሽምብራ ቆሎ ጥቂት ዘግና አምጥታ አልጣሽ እጅ ላይ አኖረችላት።