ሰኞ እንጀምራለን

ጉርሻው አፏ ሥር ደርሶ ቆሟል። ወርቅቱ ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗን ፍራሹ ላይ ተክላ አላይም ብላለች። ጎረቤቷ ፀዳለ ግን እጇን እንደዘረጋች ነው፤ በቀይ ወጥ የራሰው እንጀራ ከጣቶቿ መሃል ይንጠባጠባል።

"ቅመሺ እንጂ። እሱ እንደሆን አይመለስ፤ አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን "በሞቴ" ትል ነበር። ትናንት ሬሳ በወጣበት ድንኳን ሞትን መጥራት ስለከበዳት በአፈር ለወጠችው፤ አፈሩም ቢሆን ገና አልደረቀም።

ወርቅቱ ባሏን ዱጋሳን የቀበረችው ትናንት እሑድ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው። ሰኞ ምን እንደነበረ በድንኳኑ ውስጥ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

ባልና ሚስቱ ሁለቱም ስኳር ነበረባቸው። አምና ሐኪሙ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ፣ ባጭሩ ዱቄት ያየ ነገር ሁሉ ይቅርባችሁ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ አይብና ሥጋ ይሁን ምግባችሁ ሲላቸው ዱጋሳ ከት ብሎ ሳቀ። "ያለ እንጀራ ወጥ፣ ያለ ሙሽራ ሠርግ" እያለ ቢያላግጥም ጀመረው። ከግብርና ቢሮ ሲመለስ ጎመኑን በሹካ እየለቀመ ሚስቴ በግ አደረገችኝ ይላል። ከሳ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀና ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ፣ ሠርግ መጣ፣ ክረምቱ ገባ፤ በአምቦ ዝናብ ደግሞ ጎመን አያሞቅም። አዲሷ ቀዳዳ ሥራ ፈታች። ወርቅቱም ብትሆን ጻድቅ አልነበረችም፤ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላ ነበር። የዱጋሳ ግን የባሰ ነው። በሚሊኒየሙ ዓመት የገዛው ሞተር ብስክሌት አመሻሽ ላይ እናቱ አዴ ኡርጌ ደጅ ቆሞ ታየዋለች። እቤት ሲደርስ ጎመኑን ይነካካና ጠገብኩ ይላታል፤ እጁ የእናቱ የገብስ ዱቄት ጭኮ የተለወሰበትን ቅቤ ይሸታል። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ባለፈው ዓርብ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ያለው ሚዛን ላይ ተራ በተራ ወጡ። መርፌው ለሁለቱም የድሮ ቦታው ተመልሶ ነበር። ተያዩና ሳቁ። መጀመሪያ ሳቁን ያቆመው ዱጋሳ ነው።

"ሰኞ እንጀምራለን" አላት። "እኔ ብተወው እንኳ አንቺ እንዳትተዪው። እማዬን ደግሞ ምንም እንዳትያት። እኔን ካላበላች እናት የሆነች አይመስላትም።"

ለሁለቱም እሺ አለችው። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን እያስነሳ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሲያደርሱት በሕይወት አልነበረም።

ሰኞን እንደምንም አልበላም ብላ አመሸች። ርቧት ነበር፤ ሐዘን ሆድ ይዘጋል የሚሉት ለሷ አልሠራም። አንድ የተቀቀለ እንቁላል ብታገኝ በበቃት። ግን ሐዘንተኛ የቀረበለትን ይጎርሳል እንጂ ይህን አምጡልኝ ብሎ አያዝም። የገዛ ጓዳዋ በእድር ሴቶች ተይዟል፤ በግራም በቀኝም ሰው ደግፏት፣ ብድግ ብትል አብሯት የሚነሳ ሰው ብዙ ነው። በራሷ ቤት መውጫ አጣች።

ማክሰኞ ሹክሹክታው ከኋላዋ መጣ። ከሸነን የመጣች ዘመድ ሰውየውን ምን ገደለው ብላ ትጠይቃለች። ፀዳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰችላት።

"ምን ይገድለዋል፣ ረሃብ ነው እንጂ። እንጀራ ከልክላው ነበር እኮ። አሁንም እያት፣ እህል አልነካም ብላለች። ባሏ አፈር ገብቶ ለማን ነው የምትቀጥነው?"

ወርቅቱ ሰማች። ትይዩ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት አማቷ አዴ ኡርጌም ሰሙ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ጨብጠው ወርቅቱን አፍ አፏን ያዩ ጀመር። ማታ ማታ እናቱ ቤት ይበላ ነበር ብትል ስሟ ይጸዳል። ግን ያን ብትል እኚህ ሴት ልጃቸውን ያጎረሱበትን እጅ ከዚህ በኋላ በምን ዓይናቸው ያዩታል? ዝም ብላ ባትበላ ሐሜቱን አጸደቀች። ብትበላ ሰኞን ከዳች። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች።

ወደ ፀዳለ ዞረችና አፏን ከፈተች። ፀዳለ አጎረሰቻት፤ አንድ ያጣላል ብላም ደገመቻት።

ሲመሽ ምላሷ ደረቀ፣ ውኃ አልበቃ አላት። ስኳሯ መውጣቱን ያለ ምርመራ አወቀችው። ያስለቀሳት ግን እሱ አይደለም። ዱጋሳ ከለመናት ሁለት ነገር አንዱን ስትጠብቅ ሌላውን መብላቷ ነው።

ረቡዕ ነው፤ ጴንጤ ቤት ስለሆነ ግን አይጾምም። ምሳ ላይ ትሪው ሲመጣ አዴ ኡርጌ ከፍራሻቸው ተነስተው መጡ። ዛሬ እኔ ላጉርሳት ብለው ከፀዳለ እጅ ተቀበሉና ሥጋውን በእንጀራ ጠቀለሉት። ወርቅቱ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ጉርሻው ግን አልደረሰም። ዓይኗን ስትገልጥ የአሮጊቷ እጅ መንገድ ላይ ቆሟል።

"ዱጋሳ አልተራበም" አሉ አዴ ኡርጌ ወደ ትሪው እያዩ። "እኔ ዘንድ ይበላ ነበር። ማታ ማታ ጭኮ አበላው ነበር። ሞተሩ ደጄ ሲቆም እሷ ታይ ነበር፤ ታውቃለች። ስትታማ ሰምታ አልተናገረችም።"

ፀዳለ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቀረች።

አዴ ኡርጌ ጉርሻውን መልሰው ፈቱት። ሥጋውን ከእንጀራው ውስጥ ለቀሙና "ኛዱ፣ ኢንተላ ኮ። ብዪ ልጄ" ብለው እሱን ብቻ አጎረሷት። ወርቅቱ እያለቀሰች አላመጠች።

ባዶው እንጀራ አሮጊቷ መዳፍ ላይ ቀረ። አልበሉትም፣ ትሪው ላይም አልመለሱት። አጥፈው ጨበጡት፤ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች መጥተው ሲቀመጡም እንደጨበጡት ነበሩ።