ጠጠር ሜዳ የበቀለው ትርፍ ቤት

ለመሆኑ እናንተ፣ በግሬደር የተጠረገ ቤት የት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አልጠየቃችሁም። ቤቱ የሚሄደው ጠጠር ሜዳ ነው። ከተማው ውስጥ የፈረሰ ቤት ሁሉ፣ ክረምት ሲገባ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ሜዳ ላይ እንደገና ይበቅላል። መጀመሪያ መሠረቱ ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ግድግዳው፤ መስከረም ሲጠባ ቆርቆሮው። ደላሎች ይህን ያውቃሉ። ስለሚያውቁም ገዢን ወደዚያ የሚወስዱት ሌላው ሰፈር ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ፀዳለ ወልደየስ ሌላውን ሰፈር ሁሉ አይታ ጨርሳለች። ዕድሜዋን ግሪክ አገር፣ በተሰሎንቄ የሰው ሽማግሌ ስታጥብና ስታጎርስ ኖራ፣ በእረፍቷ መጽሐፍ ስታነብ ዓይኗን አድክማ፣ የተመለሰችው አንድ ነገር ፈልጋ ነው፤ ገዝታ የምታከራየው ቤት። ጡረታ የላትም፤ ልጅ የላትም። ወር በገባ ቁጥር ኪራይ የሚያስገባ ቤት ካላገኘች የሰው እጅ ማየቷ ነው። የሰው እጅ ምን እንደሆነ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ለገጣፎ ዋጋውን ስትሰማ ከመኪናው ሳትወርድ ተመለሰች። ከዚያ ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም አቅሟ ይደርስበት ነበር፤ ባለቤቱ ቀብድ ሊቀበል ሲል ልጆቹ ተጣሉበትና ቀረ።

«ማዘር፣ በእርስዎ አቅም አንድ ሰፈር ቀርቷል» አለ ደላላው ሽመክት።

«እናትህ አይደለሁም።»

«እሺ እትዬ። ጠጠር ሜዳ ይባላል። ርካሽ ነው።»

«ለምን ረከሰ?»

«ይበቅላላ! ኮንትራክተር የለበትም፤ የሚሠራው ዝናብ ነው።»

«ተከራይ ይገኛል?»

«አብሮ ይበቅላል።»

ፀዳለ ነገሩን አመዛዘነችው። ተከራይ ፍለጋ የማያስኬድ ቤት ላረጀ ሰው ይስማማል። «እንየው» አለች።

ጠጠር ሜዳ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ተራ አልያዙም፤ የመርካቶው ከአራት ኪሎው ጎን፣ የልደታው ጀርባውን ለሁሉም ሰጥቶ ቆሟል። አንዳንዱ ገና መስኮቱ ላይ ደርሷል። ሰውም እንደ ቤቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚበቅለው። አንድ ልብስ ሰፊ እስከ ትከሻው ወጥቶ፣ ራስ ሳይኖረው፣ ሲንጀሩን ይረግጣል። ፀዳለ ጠጋ ብላ ስፌቱን አየችው። ቀጥ ያለ ነው።

«ራስ መጨረሻ ነው የሚመጣው» አለ ሽመክት። «እሱን የሚያወጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው።»

የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ጋሽ ቦጋለ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር። ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«እንደምን ዋሉ እመቤት። ከወዴት መጡ?»

«ከተሰሎንቄ።»

«ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት?»

«እሷው ናት።»

«ለመሆኑ መልስ ጻፉለት?»

«እኔ እስከነበርኩበት ድረስ አልጻፉም።»

ጋሽ ቦጋለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የሰፈሩን ደንብ ነገሯት። ቂም ያለበት ቤት አይሸጥም። እርቅ ያልወረደበት ቤት ጣሪያ አያወጣም፤ ጣሪያ የሌለው ቤት ደግሞ አይከራይም።

«እኔ እዚህ ከማን ጋር ቂም አለኝ?» አለች ፀዳለ።

«ይምጡ» አሏት።

ቤቱን ከሩቅ አወቀችው። አባቷ አቶ ወልደየስ እሪ በከንቱ፣ ወንዙ ዳር ያሠሩት ሁለተኛ ቤት ነበር፤ የሚያከራዩት። የደርግ አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ሰው አንድ ቤት ተባለ፤ የተረፈው ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። አቶ ወልደየስ አልተከራከሩም፤ ቁልፉን ራሳቸው ወስደው አስረከቡ። ተከራያቸው ደምሰው ግን ቀበሌ ሄዶ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ጠመንጃ ደብቀዋል አለ። ጠመንጃ አልነበረም። አቶ ወልደየስ ተወሰዱ፤ በዚያው ቀሩ። ሲወሰዱ ጎረቤት ሁሉ መጋረጃውን ዘጋ። ፀዳለ በዚያው ዓመት ከአገር ወጣች።

አሁን ቤቱ ግድግዳው ሞልቶ፣ በሩ አረንጓዴ ቀለሙን እንደያዘ ቆሟል። የጎደለው ቆርቆሮው ብቻ ነው። በረንዳው ላይ አቶ ወልደየስ ቆመዋል። ጫማቸው ተወልውሏል፤ ካፖርታቸው ተቆልፏል፤ እስከ ኮሌታቸው በቅለዋል። ከኮሌታው በላይ ሰማይ ነበር።

ፀዳለ አላለቀሰችም። የካፖርቱን ቁልፍ አየች። እናቷ በሌላ ክር የተከለችው ቁልፍ ነው።

በሩ ተከፈተና ደምሰው ወጣ። እንደ ደንቡ፣ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚሸከመው፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ለማኝ የሚለምንበት ራስ ቀድሞ ስለሚሰጠው ሙሉ ሰው ነው፤ ፀጉሩም ጥቁር ነው።

«ፀዲ» አለ ጎንበስ እንዳለ። «አረጀሽ።»

«አንተ አላረጀህም።»

«እኔ የበቀልኩት አምና ነው።»

«ኪራይ ትከፍላለህ?»

«እከፍላለሁ። ያኔስ አጓድዬ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» አለች። እውነቱን ነበር።

«ታዲያ አባቴን ለምን?» አለች ቀጥላ።

ደምሰው ድንጋዩን አደላደለ። «ቀበሌ ቤቱን ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነበር። አንድ ነገር ካመጣህ ትቆያለህ አሉኝ። ምንም የማመጣው አልነበረኝም። ልጆች ነበሩኝ፣ ፀዲ።»

በተሰሎንቄ ያ ሁሉ ዘመን ምክንያቱን ስትፈልግ ኖራለች፤ ትልቅ ነገር ይመስላት ነበር። አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ሆኖ አገኘችው።

ጋሽ ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ እመቤት፣ ስለ እግዜር ብለው ይቅር ይበሉ። ከአፍዎ ሲወጣ ቆርቆሮው ይወጣል። የአባትዎም ራስ ይወጣል።»

«ይናገራሉ?»

«ሌሎቹ ተናግረዋል።»

«ምን አሉ?»

«ውኃ ጠየቁ።»

ፀዳለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «መጋረጃ የዘጉት ጎረቤቶችስ? እነሱ ድንጋይ አይሸከሙም?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። «እኛ ነን» አሉ ጋሽ ቦጋለ። «እኛ ዕድሜ ተሸክመናል። እሱ ይበቃል ብለን ነው።»

ሽመክት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። በኪስዎ ባለው ሌላ ቦታ አይገኝም። እምቢ ብለው ደግሞ የት ይገባሉ?»

የትም እንደማትገባ ታውቃለች። የቤቱ ግድግዳ ጫፍ ላይ የቆርቆሮ ጠርዝ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ እሺ እንደምትል ቤቱ እርግጠኛ ነበር። ከኮሌታውም በላይ የአገጭ ጥላ የሚመስል ነገር ታየ።

በዚህ ጊዜ የአቶ ወልደየስ ቀኝ እጅ ከኪሳቸው ወጣ። በቀስታ ተዘረጋና ከደምሰው ማጅራት ላይ ያለውን ድንጋይ ከሥሩ ደገፈው። ደምሰው ተንፈስ አለ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ፀዳለ ያን እጅ አየችው። አባቷ እንዲህ ነበሩ። ሲወስዷቸው እንኳ በር ላይ ቆመው «ደምሰውን ምንም እንዳትሉት፤ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» ብለው ነበር። እናቷን አላማከሩም፤ እሷን አላማከሩም። ይቅር ብለው ሄዱ፤ ረሃቡንና ስደቱን የበላው ቤተሰቡ ነው።

«እንግዲህ እመቤት» አሉ ጋሽ ቦጋለ። «አባትዎ እንኳ ፈቅደዋል።»

«ሁልጊዜም ይፈቅዳሉ» አለች ፀዳለ።

ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። የቆርቆሮው ጠርዝ ባለበት ቆመ፤ ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ተመልሶ ገባ። የአገጩ ጥላ ጠፋ። ኮሌታው ዝቅ አለ፤ የካፖርቱ ቁልፎች አንድ በአንድ ወደ በረንዳው ሲሚንቶ ሰመጡ። እጃቸው ግን ድንጋዩን አለቀቀም፤ እየሰመጠም ይደግፍ ነበር፤ ደምሰውም አብሮ እየጎነበሰ፣ እየጎነበሰ፣ ግንባሩ መሬት ነካ።

«ማዘር!» አለ ሽመክት። «ኧረ አንዱን እንኳ!»

«ማንንም» አለች ፀዳለ። «እሱንም፣ እነዚህንም፣ አባቴንም። ማንንም ይቅር አልልም።»