መስመሩ ባለቀበት ሁሉ

«ሩት፣ ይህን ጸሎት ከማን ተቀበልሽ?» አሉ የኔታ ሠርፀ።

መልሱን የምታውቀው እናቷ ማዘንጊያ ነበረች። ወላጆች ሊሰሙ በሚመጡበት እሁድ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

የኔታ ሠርፀ ዓይነ ስውር ናቸው። በኡኬ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለልጆች የግዕዙን ጸሎት የሚሰጡት በቃል ብቻ ነው። እሳቸው ይላሉ፣ ልጅ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ይመልሳል፤ ያልተሰጠውን ቀድሞ የሚነካ የለም። ሩት ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚነገርበት የጎረቤታቸው ልጅ ሞረዳ ጥሏት ሄዷል። የሞረዳ እናት በኦሮምኛዋ የሩት እናት ለማለት «ሃዳ ሩት፣ ተያት፣ ትደርስበታለች» ብትላትም ማዘንጊያ አልተጽናናችም። ለመጪው በዓል በሕዝብ ፊት ጸሎቱን የሚያደርሰው ከሁለቱ አንዱ ነው።

ማዘንጊያ ደግሞ ዘንድሮ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። የጸሎቱን መጽሐፍ ገዛችና ከገበያ መልስ በጣቷ እየተከተለች ለልጇ ታነብላት ጀመር። ሩትም እናቷ እንዳለችው ያዘችው።

ዛሬ ሳትሰናከል ስትወጣው የማዘንጊያ ልብ ሞቀ። የኔታ ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ቃሉ ደርሷል። ግን ምነው ልጄ፣ ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሽሽ የሚያልቀው? ዳገት ላይ ነሽ?»

ልጆቹ ሳቁ። ማዘንጊያ ያኔ ገባት። ስታነብ መስመሩ ባለቀበት ሁሉ ቆም ትልና ቀጣዩን በጣቷ ትፈልግ ነበር። ልጇ መቆሙን ጭምር አጥንታለች። ፊቷ ነደደ።

«ከማን?» አሉ የኔታ ደግመው።

ሩት እናቷን አየች። ማዘንጊያ ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች።

«ከማንም። ራሴ ነኝ» አለች ሩት።

«እንግዲያ ነገ ከትንንሾቹ ጋር ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ።» በበዓሉ ጸሎቱን የማድረሱን ተራ ለሞረዳ ሰጡት።

ሩት አላለቀሰችም። ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ነው ማዘንጊያ ቃል የወጣት።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ። ከመጽሐፍ አንብቤላት ነው።»

«ቅድም ስጠይቅ እዚሁ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

የኔታ ወደ ድምጿ ዞሩ። «እንግዲያ አንቺም አልተቀበልሽውም። ተቀመጪና ተቀበዪ።»

ማዘንጊያ ሁሉ እያያት ከትንንሾቹ ረድፍ ጫፍ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ሩት ግን ዞር ብላም ሳታያት ወደ ቤት ሄደች፤ ከዚያ ወዲህም ወደ የኔታ አልተመለሰችም።