አሥራ አንደኛው ፊርማ

"ሁለት ደቂቃ አለሽ" አለ ናኦል፣ የስልኩን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። "ለምን ይህን ሥራ ፈለግሽ?"

ኤዶም ጉሮሮዋን ጠረገች። "ፈታኝ ገበያ ስለምወድ፣ ቁጥርን ከሕግ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ስለሆነ፣ በተጨማሪም..."

"ተይው፣ ተይው።" ሰዓቱን አቆመው። "ይሄን ከኢንተርኔት ነው የቀዳሽው፣ አይደል? ነገ ከአንቺ በፊት አምስት ሰው ይሄንኑ ይነግራቸዋል። እኔም አምና እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ይሄንኑ ብዬ ነው የወደቅሁት።"

ኤዶም አኮረፈች። ያኮረፈችው ደግሞ ልጁ እውነቱን ስለነገራት ነው። ነገ ጠዋት አምስተርዳም የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ አለባት። ሥራው መክፈል ያቃታቸውን ድርጅቶች ዕዳ በርካሽ እየገዛ የሚነግድ ክፍል ውስጥ፣ የትኛው ዕዳ እንደሚያዋጣ ማጥናት ነው። አሥራ አራት ቦታ አመልክታ እስከ መጨረሻው የጠራት ይሄ ብቻ ነው። አሁን ያላት የሮተርዳም ሥራ ደግሞ ውሉ በወር መጨረሻ ያልቃል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጉባኤ ጓደኛዋን ናኦልን ካፔለ ከተማ ያለው ቤታቸው ድረስ ይዛው መጣች። እናቷ ዓለምወርቅ ምሳ አብልታቸው አሁን ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሳሎን የሚወራው ሁሉ እዚያ ይሰማል።

"እሺ፣ ሌላ" አለ ናኦል። "አንድ አበባ ላኪ ድርጅት መቶ ሚሊዮን ዩሮ ዕዳ አለበት። አንዱ አበዳሪ ሰባ፣ ሁለተኛው ሃያ ስምንት፣ ሦስተኛው ሁለት ሚሊዮን ብቻ። ዕዳው እንዲቀነስ ሦስቱም መፈረም አለባቸው። የማንን ዕዳ ብንገዛ..."

"የትንሹን" አለች ኤዶም፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

"ለምን?"

"ሁሉም ካልፈረመ የማይሆን ከሆነ፣ ትንሹና ትልቁ እኩል ናቸው። ትልልቆቹ ገንዘባቸው ታስሮባቸዋል፣ ይቸኩላሉ። ትንሹ ምን አስቸኮለው? አልፈርምም ብሎ ቁጭ ይላል። በመጨረሻ ሲሰለቻቸው ሙሉውን ከፍለው ይገላገሉታል።"

ናኦል ወንበሩ ላይ ተቃና። "እኔ ይሄን ለመረዳት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ማን አስተማረሽ?"

ወጥ ቤት ውስጥ የቧንቧው ውሃ ቆመ።

"መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነው" አለች ኤዶም።

ውሸቷን ነው። ያስተማራት አሥራ አንደኛው አበዳሪ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ አባቷ የከፈተው የስልክ ሱቅ ከሰረ፤ እሱም ዕዳውን ለሚስቱ አሸክሞ ጠፋ። አበዳሪዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ደብዳቤውን የምታነበውም፣ ድምጿን አወፍራ እንደ እናቷ ሆና ስልክ የምትደውለውም ኤዶም ነበረች። አሥሩ ጥቂት ጥቂት ተቀብለው የቀረውን ለመተው ፈረሙ። አንድ የሶፋ ነጋዴ ብቻ፣ ለአራት መቶ ዩሮ ብሎ፣ አሻፈረኝ አለ። በእሱ ጦስ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቪንድፉርደር የሚባል የፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ ፖስታቸውን ሳይቀር እየከፈተ፣ ለቀለብ በሳምንት ሃምሳ ዩሮ እየቆረጠላቸው ኖሩ።

የቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ትንሽ ነው፤ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ልጅቷ ለምን ከወጣቶች ጉዞ ቀረች? እናትየው ለምን በአንድ ጫማ ከረመች? ዓለምወርቅ ጭንቅ ቢላት "አዲስ አበባ ቤት እየሠራን ነው" አለች። ምእመናኑም ደስ ብሏቸው ለመሠረቱ ጸለዩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዓለምወርቅ ቤት ግን እያደር ፎቅ አወጣ። ያን ቀን ያስጸለዩት ሽማግሌ የናኦል አባት ናቸው።

የናኦል ስልክ ጮኸ። "አባባ ነው" ብሎ አንስቶት ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ዓለምወርቅ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ አለች። "ለማንም ላትናገሪ ቃል ገብተሽልኛል" አለች በሹክሹክታ።

"በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እማዬ።"

"ቃል ቃል ነው። ለፈረንጆቹ ንገሪያቸው፤ እነሱ ከእኛ ሰው የሚያውቁት የለም። ለእሱ ከነገርሽ ግን የሚመጣው እሁድ እኔ የት እገባለሁ?"

"ለእነሱ እንድናገር መጀመሪያ አንድ ሰው ፊት ማውጣት አለብኝ። ስጀምረው ድምፄ ይጠፋል። ትናንት መስታወት ፊት ሞክሬ አለቀስኩ።"

ዓለምወርቅ ፎጣውን ጨበጠችው። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልትይኝ? እማዬ፣ ያንን ሶፋ ነጋዴ ሦስት ዓመት ስረግመው ኖሬአለሁ። አሁን የእሱን ቦታ ግዙ ብዬ መለስኩ። ያውም ሳላስብ።"

"ታዲያ ሥራው ይቅርብሽ?"

"አይቀርብኝም፤ እፈልገዋለሁ። ግን ከዕዳው ማዶ ያለውን ሰው እንደማውቀው ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ሌላ የምናገረው እውነት የለኝም።"

 ዓለምወርቅ አፍራለች፤ ያፈረችው ግን በዕዳው አልነበረም። ልጇ መስታወት ፊት ቆማ ስታለቅስ እሷ አጠገቡ ባለው ክፍል ቴሌቪዥን ታይ ነበር።

ናኦል እየሳቀ ተመለሰ። "ይቅርታ። አባባ ሰላም በልልኝ ብሏል፣ እትዬ። ደግሞ የአዲስ አበባው ቤት ተከራይ አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ። ሳሙኤል የሚባል ዘመዳችን ቤት ይፈልጋል። ምን ልበለው?"

ለዚህ ጥያቄ ዓለምወርቅ መልስ አታጣም። ተከራይ አለበት፣ ቧንቧው እየታደሰ ነው፣ ወንድሜ ገብቶበታል፤ ሁሉንም ብላዋለች። ኤዶም ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ጠበቀች።

ዓለምወርቅ ፎጣውን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለችው። "ለአባትህ እኔ ራሴ እደውልላቸዋለሁ" አለች። "ቤት የለም።"

"ተከራየ?"

"አልተከራየም። ኖሮም አያውቅም። ቁጭ በል ልጄ፤ ኤዶም ትነግርሃለች።"

ናኦል አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጅቷን አየና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዓለምወርቅ ወደ ወጥ ቤት አልተመለሰችም። ወንበር ስባ ከልጇ ጎን ተቀመጠችና እጇን ያዘችው። የእናትየው እጅ ገና እርጥብ ነበር።

ናኦል ጨንቆት ስልኩን ወደ ኪሱ ሊከት ሲል ኤዶም አስቆመችው።

"አትክተተው" አለች። "ነገም ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጡኝ። ሰዓቱን አስጀምረው።"