ማይክሮፎኑ ኦቦ ነገሳ ጋ ሲደርስ

ኦቦ ነገሳ ኮንሰርት ገብተው አያውቁም ነበር። ሱሉልታ ጫፍ፣ በቆርቆሮ የታጠረው ሜዳ ላይ ዘፋኝ ሊመጣ መሆኑን የነገረቻቸው ልጃቸው ላሊሴ ናት። ላሊሴ ከተማው ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አባቷ መሬታቸውን ካጡ ወዲህ የሚኖሩት እሷ በተከራየቻት አንድ ክፍል ነው።

«ኤርሚ እንደ ሌላው ዘፋኝ አይደለም እኮ» አለቻቸው ምሳ እየበሉ። «መድረክ ላይ ተገትሮ አይቀርም። ሰዉ መሀል ይገባል፣ ማይኩን እየሰጠ ያገኘውን ሁሉ ያዘፍናል።»

«ላገኘው ሁሉ ይሰጣል?»

«አዎ።»

«ሰዉስ ብዙ ነው?»

«ሜዳው አይበቃውም።»

«እንግዲያው እኔንም ይዘሽኝ ሂጂ።»

ላሊሴ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ያ ሜዳ የእሳቸው ነበር። ድርቆሽ ያጭዱበት፣ ላሞቻቸውን ያግጡበት ነበር። ለኢንቨስትመንት ይፈለጋል ተብሎ ተወሰደ፤ ምትክ ቦታ ይሰጥዎታል ተባሉ። ምትኩ አልመጣም፤ ሜዳውም ላይ አንድ ድንጋይ አልተጣለበትም። ባለሀብቱ አጥሮ ለሠርግና ለዘፈን ያከራየዋል። ኦቦ ነገሳ ያልረገጡት ቢሮ የለም። እስከዛሬ ግን አቤት ያሉት በተዘጋ በር ውስጥ፣ ለአንድ ለአንድ ሰው ነው። ያን ያህል ሕዝብ ባንድ ጊዜ ቢሰማ ማን ዝም ይላል? ብለው አሰቡ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የክት ኮታቸውን ለብሰው ከላሊሴ ጋር ሄዱ። በር ላይ ፈታሹ ከዘራቸውን ተቀበላቸው።

«ዱላ አይገባም፣ አባባ።»

ውስጥ ሲገቡ ድምፁ ደረታቸውን መታው። ወጣቱ ውሃ እየተራጨ ይዘላል፣ ሴቶቹ ወንዶቹ ትከሻ ላይ ወጥተው ሻሽ ያውለበልባሉ። ላሊሴ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት ወሰደቻቸው።

«እዚህ ጋ ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛ ነበር!» አሉ ጆሮዋ ላይ ጮኸው።

«ምን?» አለች። አልሰማቻቸውም።

ኤርሚ ሸሚዙን አውልቆ ከመድረኩ ሰዉ መሀል ዘለለ። «ዝለሉ!» ሲል ሜዳው በሙሉ ዘለለ። «ተቀመጡ!» ሲል ሁሉም ሣሩ ላይ ዝርግፍ አለ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው ብቻቸውን ቆመው የቀሩት ኦቦ ነገሳ ነበሩ።

«አባባ አልታዘዝም አሉ!» አለ ኤርሚ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ የተቀመጡትን እየተራመደ መጣና ማይኩን አፋቸው ላይ ደቀነው። «ስምዎ ማነው?»

«ነገሳ።» የገዛ ድምፃቸው ከትልልቆቹ ስፒከሮች ተመልሶ ሲመጣ ደነገጡ።

«ምን ይዘፍኑልናል፣ አባባ?»

«አልዘፍንም። የምናገረው ነገር አለኝ።»

«ይናገራሉ! ጸጥ በሉ!»

ጸጥ አለ። ኦቦ ነገሳ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ሲያሰላስሉት የዋሉት ንግግር ከአፋቸው ጠፋ። የመጣላቸው የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ነበር።

«ላፍቲ ኩን ካን ኮቲ» አሉ። ይህ መሬት የኔ ነው ማለታቸው ነበር። ደገሙት። «ካን ኮቲ!»

ኤርሚ የያዘው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «ካን ኮቲ! የኔ ናት ይላሉ አባባ! ፍቅር ይዟቸዋል! የማን ናት?»

«ካን ኮቲ!» አለ ሜዳው።

ከበሮው ገባ። ሁሉም ተነስቶ ይዘል ጀመር። ኦሮምኛ የሚያውቁ፣ እዚያው ሱሉልታ የተወለዱ ብዙ ነበሩ፤ እነሱም ከሌላው እኩል እየጮኹ ዘለሉ።

«መሬቱን ነው ያልኩት! ይሄን መሬት!» አሉ ኦቦ ነገሳ፤ ማይኩ ግን ከኤርሚ ጋር ርቋል። ሁለት ጎረምሶች ትከሻቸው ላይ አወጧቸው። «አውርዱኝ፣ ልጆቼ» ቢሉም የሰማቸው አልነበረም። ስልኮች ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረው ይቀርፃሉ። ላሊሴ እያለቀሰች የጎረምሶቹን ልብስ ጎትታ፣ ተማፅና አስወረደቻቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ላሊሴ «እኔ ነኝ ያመጣሁብዎት» አለች።

«ምን አጠፋሽ? ሰሙኝ እኮ» አሉ። «ሁሉም ሰሙኝ።»

በማግስቱ ወደ መሬት ቢሮው ሄዱ። ቪዲዮው ቀድሟቸው ደርሶ ኖሮ ጥበቃው ገና ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«አንቱ ካን ኮቲ አይደሉም እንዴ?»

ሠራተኞቹ እየተጠራሩ ወጡ። በየተራ አብረዋቸው ፎቶ ተነሱ። ቀጠሮ ሲሰጣቸው የኖረው ኃላፊ ሳይቀር ወጥቶ ትከሻቸውን አቀፈና «እስቲ አንዴ ይበሉልን» አላቸው።

«ስለ ምትኩ ቦታ ነበር የመጣሁት...»

«እሱን ሌላ ጊዜ እናየዋለን፣ አባባ። ዛሬ አሥቀውናል።» ፎቶውን ከተነሣ በኋላ እየሳቀ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ኦቦ ነገሳ ኮታቸውን አስተካክለው ጥቂት ቆሙ። ቀጥሎ የሚሄዱበትን ቢሮ ሊያስቡ ሞከሩ፤ አንድም አልመጣላቸውም። ጥበቃውን ደህና ዋል ብለው ወጡ። ያን በር ዳግመኛ አልረገጡትም።