የስቅለት ዕለት የተቀጣጠለው ዘይት

ብሮንዊን የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ልቧ አላረፈም። በታዝማኒያ ሰሜናዊ ጠረፍ ባለችው ከተማችን የዓሣ ጥብስ ሱቁ የእሷና የአባቷ የክላይቭ ነው። ስቅለት ደግሞ ከተማው በሙሉ ሥጋ ትቶ ዓሣ የሚበላበት ቀን ስለሆነ ሰልፉ በሩን አልፎ ወደቡ ድረስ ተዘርግቷል። ያስጨነቃት ግን ሰልፉ ሳይሆን ትልቁ የዘይት መጥበሻ ነበር። የሙቀት መቆጣጠሪያው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይተዋል፤ ድንቹ ገና ከመግባቱ ይጠቁራል።

«አባዬ፣ ይሄንን እናጥፋው። በትንሹ መጥበሻ ብቻ እንሥራ።»

«ዛሬ? በስቅለት?» አለ ክላይቭ ቀና ሳይል። «ሕዝቡ እኛኑ ጠብሶ ይበላናል! የጥገና ሠራተኛውም በዓሉ ሳያልፍ አይመጣም። ዕድሜዬን ሙሉ ጠብሻለሁ፣ አታስጨንቂኝ።»

ሜርቭ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከሰልፉ መሃል ጣልቃ ገባ። «ልጅህን ስማት እንጂ! ባለፈው የሰጠኸኝ ድንች እኮ ከሰል ነበር።»

«ከሰሉን ግን ጣትህን እየላስክ ነው የጨረስከው!»

ሰዉ ሳቀ። ብሮንዊን አልሳቀችም። መጠቅለያ ወረቀት ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ከዘይቱ የሚወጣው ጭስ ወፍሯል። አባቷን ልትጠራ አፏን ስትከፍት ዘይቱ «ቡፍ» ብሎ ተያያዘ፤ ነበልባሉም እስከ ጭስ መሳቢያው ተወነጨፈ።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

ሜርቭ ሰዉን እየገፋ አስወጣና ለእሳት አደጋ ደወለ። ክላይቭ ግን በሩ አጠገብ የተሰቀለውን፣ ሁለመናው ቀይ የሆነውን የእሳት ማጥፊያ አውርዶ እየሮጠ መጣ። ብሮንዊን ስታየው ደነገጠች። ያ ማጥፊያ ውስጡ ውኃ ነው። በጥር የከተማው በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ባሕር ዳር ትምህርት ሲሰጡ፣ በሚነድ ዘይት ላይ አንዲት ኩባያ ውኃ ቢያፈሱ እሳቱ የቤት ቁመት ሲዘል በዓይኗ አይታለች። አባቷ «እኔን ስለ እሳት የሚያስተምረኝ ማነው?» ብሎ ያን ቀን ቀርቶ ነበር።

«አባዬ፣ እሱ አይደለም! ውኃ ነው!»

«ታዲያ እሳት በምን ይጠፋል?» የማጥፊያውን መቆለፊያ ፒን መዝዞታል።

ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። «እንዳትረጨው! ዘይቱ ፊታችን ላይ ነው የሚፈነዳው። በእማዬ ሞት፣ ተወው! ሂድ፣ በጓሮ ዞረህ ጋዙን ዝጋ!»

እንዲህ ስትጮህበት ሰምቶ አያውቅም። ማጥፊያውን ጥሎ ሮጠ።

ብሮንዊን ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ሌሎች ሁለት ማጥፊያዎች ተሰቅለዋል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ አንዱ አንገቱ ላይ ጥቁር መስመር አለው፣ ለኤሌክትሪክ ነው። የዘይቱ ደግሞ መስመሩ ክሬም ነው። ጭሱ ዓይኗን አቃጥሎት ቀለሙ ሁሉ አንድ መሰላት። የቀረባትን አውርዳ በእጅጌዋ ጠረገችው። ክሬም! የፒኑ ማሰሪያ ግን በቅባት በተለወሰ ጣቷ አልበጠስ አለ። ጠመዘዘችው፤ እንደገና ጠመዘዘችው፤ ተበጠሰ።

ከቅርብ መርጨት እንደሌለባት ታስታውሳለች፤ ዘይቱ ይፈናጠራል። ወደ መጥበሻው ተመልሳ፣ የጓሮውን በር ከኋላዋ አድርጋ ራቅ ብላ ቆመች፣ እጀታውን ጨመቀችና እንደ ካፊያ ከላይ ታወርድበት ጀመር። እሳቱ መጀመሪያ ጭራሽ አገሳ። «ተሳስቻለሁ» አለች በልቧ። ሆኖም እጀታውን አልለቀቀችም። ቀስ በቀስ ነጭ አረፋ ዘይቱን እንደ ሳሙና ሸፈነው፤ ነበልባሉም እያነሰ ሄዶ ጠፋ። እሷ ግን ማጥፊያው ባዶ እስኪሆን መርጨቷን ቀጠለች።

ክላይቭ ጋዙን ዘግቶ ሲመለስ የመጥበሻውን ወንፊት ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«አትንካው! ዘይቱ ገና እንደጋለ ነው፣ እሳቱ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል።»

በሩ ላይ ቆመው አረፋውን ሲያዩ ቆዩ። ከአረፋው ሥር አንድ ነገር «ጧ» ባለ ቁጥር ብሮንዊን ትደነግጥ ነበር። እሳት አጥፊዎቹ መጥተው የጭስ መሳቢያውን እስከ ጣሪያው ፈተሹ። ቤቱ ተርፏል፤ ሱቁ ግን እስከ ክረምት ተዘጋ።

አባትና ልጅ ከሱቁ ውጭ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ክላይቭ ቀኝ እጁን ተመለከተ።

«ፒኑን መዝዤው ነበር እኮ» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። ፊትሽ እዚያው ዘይቱ አጠገብ ነበር።»

ብሮንዊን ወደ አባቷ ተጠጋች። እጁንም በሁለት እጇ ያዘች።